የዶን ካንዴላሪዮ እምቢታ

ዶን ካንዴላሪዮን ወደ ሆስፒታላችን ያመጧቸው በወንድ ልጃቸው ፒክአፕ ጀርባ፣ ፍራሽ ላይ አስተኝተው ነው። ረፋዱ ላይ ነበር። ቁርስ እየበሉ ሳለ ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ፤ ላንሳው ብለው ጎንበስ ሲሉ እሳቸውም አብረው ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው እንዳለ ከድቷቸዋል። አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። ዓይናቸው ግን ክፍት ነው፤ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ ይከተላል። ድንገተኛ ክፍል ትንሽ ካቆዩዋቸው በኋላ ወደ እኛ፣ ወደ ውስጥ ደዌ ክፍል፣ እየገፉ አመጧቸው። የዚያን ቀን ተረኛዋ ነርስ ኔይላ ነበረች። የገዛ ልጃቸው።

እኔ ናዪቤ እባላለሁ፤ እዚያው ክፍል ረዳት ነርስ ነኝ። ኔይላ መርፌ ላይ መድኃኒት እየቀዳች ነበር። ስትሬቸሩ ላይ የተኛውን ሰው አየች፤ መርፌውን ትሪው ላይ አስቀመጠች፤ እጇን በዩኒፎርሟ ጠረገች።

«መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ አድርጓቸው፤ እዚያ ነፋስ አለ» አለች።

ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው። መርፌውን መልሳ ስታነሳው ግን መድኃኒቱን ደፋችውና እንደ አዲስ ቀዳች።

አባትና ልጅ ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። ምክንያቱን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ኔይላ የምትኖረው ከዱቢስ ጋር ነው። ዱቢስ በወንዙ ላይ ሰው የምታሻግርበትን የገመድ ጀልባ ከአባቷ የወረሰች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ሁለቱ አብረው ጎጆ ከወጡ ቆይተዋል፤ አንድም ቀን ደብቀውት አያውቁም። ሰው መጀመሪያ ተንሾካሾከ፣ ቀጥሎ ቀለደ፣ በመጨረሻ ሰለቸው። ማታ ማታ ዱቢስ በሞተር ልትወስዳት ስትመጣ የበሩ ጥበቃ «አለቃ፣ ባልሽ መጣችልሽ» ይላታል። እኛ ጋ ነርስን ሁሉ አለቃ ብለን ነው የምንጠራው። ኔይላም «ባሌ ብትሆንማ ራት የምሠራው እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ተራው የሷ ነው» ብላው ታልፋለች።

ከበሽተኞቹም ብዙዎቹ ግድ አልነበራቸውም። መርፌዋ አያምም፤ ለነሱ ይኼ ይበቃቸዋል። አልፎ አልፎ ግን አንዳንድ ሰው ይመጣል። አንዲት እናት «ያቺ ሴትዮ ልጄን እንዳትነካብኝ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኔይላ «እሺ እናቴ» ብላ እኔን ጠራችኝ። በኋላ፣ አያቃጥልሽም ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ያቃጥላል እንጂ» አለች። «ግን ገላው የሷና የልጇ ነው። እምቢ ያለኝን ሰው አልነካም፤ ለምን እንደሆነም አልጠይቅም።»

ዶን ካንዴላሪዮ በከተማችን የነሐስ ባንድ ውስጥ ጭን ላይ የሚቀመጠውን ወፍራም ጥሩምባ የሚነፉ ሰው ነበሩ። ኔይላ ዱቢስን ይዛ ቤት ሄዳ «የምኖረው ከሷ ጋር ነው» ያለች ቀን አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። ሳህናቸውን አንሥተው ጓሮ ወጥተው በሉ። ከዚያ ወዲህ ኔይላ ስትመጣ ወንበራቸውን ይዘው ጓሮ ይወጣሉ። በመጨረሻ መምጣቱን ተወችው። አንድ ዓመት በከተማው ክብረ በዓል ላይ ባንዱ አደባባይ እየተጫወተ ሳለ ኔይላና ዱቢስ ሰው መሀል ገብተው መጨፈር ጀመሩ። ዶን ካንዴላሪዮ ጥሩምባቸውን ከአፋቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አስተኙት። ሁለቱ ከጭፈራው እስኪወጡ ድረስ አልነፉም። ሙዚቃው ያለ እሳቸው ሲቀጥል ስስ ሆነ፤ ሁሉም ሰው ሰማው።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው መስኮቱ ሥር የተኙት።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ሲዞር፣ ስምዎን ይንገሩኝ አላቸው። ዶን ካንዴላሪዮ ብዙ ታገሉ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠና «እምቢ» አሉ።

ደስ አለን፤ ተናገሩ አልን። ያመማቸው ነገር እንዳለ ጠየቃቸው። «እምቢ» አሉ። ባለቤታቸውን ዶኛ ኤዲልማን እያሳየ «እኚህን ያውቋቸዋል?» አላቸው። «እምቢ።» ውሃ ይጠጡ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ «እምቢ» አሉኝና ማንኪያውን ሳስጠጋላቸው አፋቸውን ከፈቱ። የጎረቤት አልጋው ሽማግሌ፣ ዕድሜያቸውን ከብት ሲነዱ የኖሩ ሰው፣ ቀና ብለው «ይኼ ሰውዬ በሠርጉ ቀን ምን ብሎ ይሆን?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ፤ ዶኛ ኤዲልማም ሳቁ። ኔይላ አልሳቀችም። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠብቃ አስቆመችው።

«ስትሮኩ ቋንቋቸውን ወስዶ አንድ ቃል ትቶላቸዋል» አላት። «አንዳንዱ ስድብ ይቀረዋል፤ አንዳንዱ የሚስቱ ስም። ቃሉ ካሰቡት ነገር ጋር ላይገናኝ ይችላል።»

«ላይገናኝ ይችላል ነው፣ ወይስ አይገናኝም?»

«ላይገናኝ ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ይገናኝ ይሆናል። እኔ ከውጭ ሆኜ መለየት አልችልም።»

«ራሳቸውን እንዲነቀንቁ ብናደርግስ?»

«እሱም ተደባልቆባቸዋል። እርስዎ ሴት ነዎት ስላቸው በአዎንታ ነቀነቁልኝ።»

ኔይላ ሳፋ ውሃና ፎጣ ይዛ ወደ አልጋው ሄደች። ዶኛ ኤዲልማ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ቦታ ሰጧት። እናትና ልጅ በዚያ ሁሉ ዘመን ገበያ እየተገናኙ ነበር የሚተያዩት፤ አሁን አባትየው መሀላቸው ተኝተዋል።

«አባዬ» አለቻቸው። «ገላህን ላጥብህ?»

ዶን ካንዴላሪዮ አዩዋት። ዓይናቸውን አልሰበሩም።

«እምቢ።»

ሳፋውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እሱ እኮ ለሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው» አሏት ዶኛ ኤዲልማ። «እኔንም እምቢ ይለኛል፤ አጥበዋለሁ።»

«አንቺ ሚስቱ ነሽ።»

«አንቺስ ልጁ አይደለሽ?»

«እማዬ፣ ቃል ሁሉ በነበረው ጊዜም ለኔ የመረጠው ይኼንኑ ነው» አለችና እኔን ጠራችኝ።

እኔ አጠብኳቸው። ፊታቸውን ስጠርግ እምቢ አሉኝ፤ እጃቸውን ሳነሳ እምቢ አሉኝ፤ ጀርባቸውን ሳሽ እምቢ አሉኝ። ሥራዬን ቀጠልኩ። ከመጋረጃው ማዶ የኔይላ ጫማ ይታየኛል። አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ እጇ ሥራ በፈታ ቁጥር፣ ከአልጋው ግርጌ እየቆመች ትጠይቃቸዋለች። ሙዚቃ ልክፈትልህ? እምቢ። መስኮቱን ልዝጋው? እምቢ። አንድ ቀን የአልጋ ልብስ የምናስቀምጥበት ክፍል ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ልቅር ወይ ስለው እምቢ አለኝ» አለች። «ልሂድ ወይ ስለውም እምቢ አለኝ።»

መሳቅ ጀመረች። ሳቋ ሌላ ነገር እንዳይሆንባት አንሶላውን ሰጠኋትና አብረን አጠፍን።

ታናሽ ወንድሟ ዊልፍሪዶ የከብት መኖ ነጋዴ ነው፤ በአባቱ ባንድ ውስጥ ከበሮ ይመታል። ክፉ ሰው ነው ማለት አልችልም። በየቀኑ ሱቁን ዘግቶ እየመጣ አባቱን የሚላጨው እሱ ነበር፤ ጉንጫቸውን በጣቱ ወጠር እያደረገ፣ የባንዱን ወሬ እያወራላቸው። ለኔይላ ግን ሰላምታም አይሰጣትም። እሷ በአንድ በኩል ስትመጣ እሱ በሌላ በኩል ይወጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዶን ካንዴላሪዮ ትራስ ተንሸራቶ አንገታቸው ተጣመመ። እኔ ሌላ በሽተኛ ደግፌ ወደ ሽንት ቤት እየወሰድኩ ነበር፤ መልቀቅ አልችልም። ኔይላ አጠገባቸው ነበረች።

«አባዬ፣ ትራሱን ላስተካክልልህ፤ እሱን ብቻ» አለች፤ እጇን ዘረጋች።

በደህናው እጃቸው የእጇን አንጓ ያዙ። «እምቢ፣ እምቢ፣ እምቢ» አሉ፤ እንባቸው ወረደ። ኔይላ እጇን አልሳበችም፤ አልገፋችም። እኔ ከበሩ ሆኜ አያለሁ። እየገፏት ይሁን አትሂጂብኝ እያሏት መለየት አልቻልኩም። እጃቸው ወዲህም ወዲያም አልሄደም፤ እንደ ጨበጠ ቀረ። ዊልፍሪዶ መላጫውን ይዞ የገባው በዚህ መሀል ነው።

«ልቀቂው።»

«የያዘኝ እሱ ነው» አለችው።

«እምቢ እያለሽ አይደለም እንዴ? ስንት ጊዜ ይበልሽ? ጤነኛ ሆኖም አለሽ፣ ታሞም አለሽ።»

የአባቱን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀ። የኔይላ አንጓ ቀልቶ ነበር። ዊልፍሪዶ ከዚያ ቀጥታ ወደ ነርሶቹ ኃላፊ፣ ወደ ማትሮኗ ቢሮ ሄደ።

ማትሮኗ አለቃ ብሪሂዳ በማግስቱ ሁለታችንንም አስጠራችን። እኔን የጠራችኝ የነበርኩበት ስለሆነ ነው።

«ወንድምሽ፣ አባቴን ያለ ፈቃዱ ትነካዋለች ብሎ አመልክቷል» አለቻት።

«አላጠብኩትም። እጄን የዘረጋሁት ትራሱን ላቀና ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ነርስ የገዛ ቤተሰቧን አታክም የሚል ደንብ አለ።»

ዝም ማለት አልቻልኩም። «አለቃ፣ እኔ አክስቴን እዚሁ ክፍል አስታምሜ ነው የቀበርኳት። ያኔ ይኼ ደንብ የት ነበር?»

«ያኔ ያመለከተ ሰው አልነበረማ» አለች ማትሮኗ። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «እኔ ዊልፍሪዶ ልክ ነው አላልኩም። ሰውዬው ለራሳቸው መናገር አይችሉም፤ የሚናገርላቸው ልጃቸው ነው። እሱ አይሆንም ካለ ምን ብዬ ልሟገተው? የአባትህ እምቢ፣ እምቢ ማለት አይደለም ልበለው? አንቺ ራስሽ ታምኛለሽ ወይ?»

ኔይላ አባቷ የያዙትን አንጓዋን ዳሰሰች። «አይደለም ብዬ መማል አልችልም» አለች።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ወደ ማዋለጃ ክፍል ተዛወረች።

ዝናቡ ገብቶ ነበር። የደንጊ ትኩሳት ከተማውን አጥለቀለቀው፤ በሽተኛ ኮሪደር ላይ ሳይቀር ተኛ። አንድ ጎኑ የማይሠራ ሰው በየጊዜው ካልተገላበጠ ገላው ይበላሻል። ይኼን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ለዚያ ሁሉ አልጋ አንዲት ነኝ፤ ይሄኛው ያስመልሳል፣ ያኛው ግሉኮሱን ነቅሏል፤ ዶን ካንዴላሪዮ ጋ ስደርስ ግማሽ ቀን አልፏል። ኔይላ በምሳ ሰዓቷ እየመጣች ከበሩ መስታወት ውጭ ትቆማለች። አትገባም።

«ዛሬ ተገላበጠ?» ትለኛለች።

«ጠዋት።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ኔይላ፣ አልደረስኩም።»

«አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ ናዪ።» ከዚያ ወደ ማዋለጃ ትመለሳለች።

የሌላውን ፈረቃ ልጆች ለመነቻቸው፤ እሺ አሏት፤ እነሱም አልደረሱም። ዱቢስ ከከባድ መኪና ጎማ የወጣ ውስጠኛ ላስቲክ ቆርጣ፣ ሰፍታ፣ በጨርቅ ለብጣ ማረፊያ ሠራችላቸው። እኔ ከወገባቸው በታች አደረግኩላቸው። ዊልፍሪዶ አየውና ማን እንዳመጣው ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አልተቆጣም። አባቱን ቀና አድርጎ ላስቲኩን አወጣ፤ ግድግዳው ሥር አስደገፈው፤ በቦታው ብርድ ልብስ አጥፎ አስገባ።

ቁስሉ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወገባቸው ግርጌ፣ መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ክፍት። ላስቲኩ ቢኖርም ይወጣ ነበር ይሆናል፤ አላውቅም። ዊልፍሪዶ ሲያየው ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

«አባቴን እዚህ አበሰበሳችሁት» አለ። «ቤቴ እወስደዋለሁ።»

ወሰዳቸውም። በዚያው ፒክአፕ፣ በዚያው ፍራሽ ላይ።

ኔይላ እናቷን ገበያ፣ የዓሣ መሸጫው ጋ እየጠበቀች ታስተምራቸው ጀመር። አባቷን ሲያበሉ ቀጥ አድርገው እንዲያስቀምጧቸው፣ ቀጭን ነገር እንዳይሰጧቸው፣ ውሃውን ሁሉ በዱቄት እንዲያወፍሩት፣ ምግቡ ወደ ሳንባ እንዳይገባ እያንዳንዱን ማንኪያ መዋጡን እንዲያዩ። ዶኛ ኤዲልማ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ እየደገሙ ያጠኑታል። ቤት ሲደርሱ ለዊልፍሪዶ ሚስት ይነግሯታል፤ ከየት እንደሰሙት ግን አይናገሩም።

በዚያ ሰሞን በዱቢስ ጀልባ ተሻገርኩ። ገመዱን እየሳበች ጠራችኝ።

«ናዪ፣ በሩን ሰብሬ ገብቼ ሰውዬውን ተሸክሜ ላምጣላት እንዴ?»

«ብታመጪውስ?»

«ከዚያማ እምቢ ይለናል» አለችና ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ቆመ። «በእንቅልፍ ልቧ ምን እንደምታደርግ ታውቂያለሽ? እኔን ታገላብጠኛለች። ትከሻዬንና ዳሌዬን ይዛ ወደ ጎን ታዞረኛለች፤ ጀርባዬን ትዳስሳለች። ነቅቼ ዝም እላታለሁ። ምን ልበላት?»

ገመዱን አብሬያት ሳብኩ።

ዶን ካንዴላሪዮ በዚህ ዓለም ላይ ከጥሩምባቸው ቀጥሎ የሚወዱት የወንዝ ዓሣ ሾርባ በኮኮናት ወተት ነበር። አንድ እሁድ ዊልፍሪዶ አባቱ ኑሮ እንዳስጠላቸው አይቶ አንጀቱ አልችል አለ። ጓሮ አውጥቶ በገመድ የተንጠለጠለው የጨርቅ መተኛ፣ ሃማካው ላይ እያወዛወዘ፣ የባንዱን ሙዚቃ ከፍቶ፣ ሾርባውን በማንኪያ ሰጣቸው። እንደ ተጋደሙ። ሳሉ። እምቢ አሉ። ግን ለሁሉም እምቢ ነው የሚሉት፤ ደግሞ ሰጣቸው። ይኼን በኋላ የነገረን ራሱ ነው።

ሐሙስ ቀን እኩለ ቀን ላይ ዊልፍሪዶ ወንዙ ዳር መጣ። ጀልባው ላይ አልወጣም። ሰው እያወረደች ለነበረችው ለዱቢስ፣ ስሟን ሳይጠራ፣ «ኔይላ ትምጣ በያት» ብሎ ተመለሰ። ዱቢስ ገመዱን ለአንዱ ተሳፋሪ ሰጥታ ሞተሯን አስነሥታ ሆስፒታል መጣች። እኔ ከሥራ ልወጣ ዩኒፎርሜን ሳወልቅ ኔይላ «አብረሽኝ ነይ» አለችኝ። ሦስታችን በአንድ ሞተር ሄድን።

የዊልፍሪዶ ቤት በር ላይ አንድ የማንጎ ዛፍ አለ። ዱቢስ ሞተሩን እዚያ አቆመች፤ ከዚያ አላለፈችም። ግቢ ያላትም የለም።

ዶን ካንዴላሪዮ አልጋው ላይ ተጋድመው ትንፋሻቸው ደረታቸው ውስጥ እንደሚፈላ ውሃ ይንተከተካል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ኔይላ ተንበረከከች፤ ሳትነካቸው ጆሮዋን ወደ ደረታቸው አስጠጋች፤ ሰማች።

«መቼ ጀመረው?»

«ከእሁድ ወዲህ» አለ ዊልፍሪዶ፤ የሾርባውን ነገር ያን ጊዜ ነው የነገራት።  በኋላ እንደነገረችኝ፣ ልትሰድበው ፈልጋ ነበር፤ ግን እሷም ብትሆን አንድ ቀን ትሰጣቸው እንደነበር አሰበች።

«ሆስፒታል እንውሰደው» አለች። «ኦክስጅን፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት…»

«ያድነዋል?» አሉ ዶኛ ኤዲልማ።

ኔይላ እኔን አየችኝ። «አይመስለኝም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ከዚህ አታንሡብኝ።»

ዊልፍሪዶ አንገቱን ደፋ። ኔይላ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ቀና ላድርግህ? ለትንፋሽህ ይቀልሃል።»

አዩዋት። ከንፈራቸው ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም፤ አየር ብቻ። ያቺም አንዲት ቃል ሄዳለች። ኔይላ እጆቿን ከትከሻቸው በላይ አየር ላይ እንደያዘች ጠበቀች። ጠበቀች። እኔ ብሆን አነሣቸው ነበር፤ ማንም ቢሆን ያነሣቸው ነበር።

«አድርጊው እንጂ» አለ ዊልፍሪዶ።

«ምንም አላለኝም» አለችው። «ና አንተ በዚህ በኩል ያዘው። ናዪ፣ አንቺ በዚያ።»

እኔና ዊልፍሪዶ ቀና አደረግናቸው፤ እሱ ከኋላቸው ተቀምጦ በደረቱ ደገፋቸው። ትንፋሻቸው ለጥቂት ጊዜ ረገብ አለ። ዶኛ ኤዲልማ እግራቸውን ይዘው ይጸልያሉ። ኔይላ ከአልጋው ግርጌ ቆማለች፤ እሳቸውም እሷ ወዳለችበት ያያሉ፤ ወይም ከኋላዋ ወዳለው በር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞቱ።

የቤቱ ሴቶች ውሃ አሞቁ። ዊልፍሪዶ ሳፋውን አምጥቶ እህቱ እግር ሥር አስቀመጠ።

«አንቺ እጠቢው» አለ። «ሥራሽ ነው፤ ታውቂበታለሽ።»

«አልችልም።»

«ለምን? አሁን እኮ…» ብሎ አቋረጠ።

«አሁን እምቢ አይልም ልትል ነው?»

ዊልፍሪዶ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ሲያለቅስ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው። ኔይላ ፎጣውን ውሃ ውስጥ ነክራ ጨመቀችና ሰጠችው።

«ከፊቱ ጀምር» አለችው። «ከዓይኑ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ። አዎ። አሁን አንገቱን። ክንዱን ከፍ አድርገህ ሥሩን። አትፍራ፣ አይሰበርም።»

እሷ እየነገረችው እሱ አጠበ። ጎናቸውን አዙሬ ስይዝለት ቁስሉ ታየ፤ እጁ ቆመ።

«እሱን በእርጥብ ብቻ ነካ ነካ አድርገው» አለች። «እንደሚያመው ሰው።»

እንደሚያመው ሰው አደረገው።

የመቃብሩ ቦታ ከወንዙ ማዶ ነው። ሰው ሁሉ አስከሬኑ በጀልባ እንደሚሻገር ነበር የጠበቀው፤ ዱቢስም ወለሉን አጥባ፣ ጥቁር ጨርቅ አስራ ቆማ ነበር። ዊልፍሪዶ ግን ሳጥኑን ፒክአፑ ላይ ጫነ። ጀልባው ወደ ዱቢስ ካለፈ ጀምሮ አባቱ በድልድዩ ዞረው ነበር የሚሄዱት፤ ሌላ ከተማ አቋርጦ የሚመጣ መንገድ ነው።

«በእግሩ አልረግጥም ያለው ጀልባ ላይ ሞቶ አልጭነውም» አላት እህቱን። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ልክ ነህ» አለችው ኔይላ።

ነዳጁም ጊዜውም የሌለን ሁላችን በዱቢስ ጀልባ ተሻገርን። ባንዱም ከነጥሩምባው ተሻገረ። ከማዶ ወርደን ፀሐይ ላይ አስከሬኑን ስንጠብቅ ቆየን። ዱቢስ ማንንም አላስከፈለችም። ፒክአፑ ሲደርስ ኔይላ ከእናቷ ጋር ከኋላ ተከተለች፤ ዱቢስ ከባንዱ ኋላ፣ ከእኔ ጋር። ማንም አላባረራትም፤ ማንም አልጠራትም።

ኔይላ አሁንም ማዋለጃ ክፍል ናት። ማትሮኗ ወደ እኛ እንድትመለስ ጠይቃት ነበር፤ ቆይ አለቻት፤ ሁለተኛ አልጠየቀቻትም። ዶኛ ኤዲልማ አንዳንድ እሁድ ወንዙን ተሻግረው እነኔይላ ቤት ይበላሉ። ስለ ሟቹ አያወሩም፤ ካሳቫው እንዴት እንደበሰለ፣ ዶሮዎቹ እንዴት እንደሆኑ ያወራሉ። ዊልፍሪዶ አይመጣም። መንገድ ላይ ሲያገኛት ግን ኮፍያውን ነካ ያደርጋል፤ ዱቢስ አብራት ካለች አያደርግም።

በቅርቡ አብረን ምሳ ስንበላ ኔይላ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ናዪ፣ አንቺ ስታጥቢው ፊቱ እንዴት ነበር?»

አስታወስኩ። «ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እምቢ እያሉም ይጨፍናሉ።»

«እኔ አጠገቡ ስሆንስ?»

«ክፍት ነው» አልኳት። «አንቺ እስክትሄጂ አይጨፍኑም።»

ይኼ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አላውቅም። ኔይላ የጋጠችውን የዶሮ አጥንት በሹካዋ ወደ ሳህኑ ዳር ገፋ ገፋ አደረገችው። ምጥ የያዛት ሴት መጥታለች ብለው ከበሩ ጠሯት። እጇን ታጠበች፤ ምግቧን ከድና «ጠብቂልኝ» ብላኝ ሄደች። ጠበቅኩላት። ሕፃኑ ተገልብጦ የመጣ ነበርና ሳትመለስ ምግቧ ቀዘቀዘ።